ያልሰማሁት ኑዛዜ

እማማ የሚኖሩት ጉለሌ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወደ ታች ሲወረድ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ቦታ። ስማቸውን አልጽፈውም። ሰፈሩ ሁሉ "እማማ" ይላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤትና ለጎረቤት በመሸጥ አንዲት ሴት ልጃቸውን ለብቻቸው አሳድገዋል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ በምጣድ ግለት ደንድኖ ቆዳው ያብለጨልጭ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ካየኋቸው ቀን ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው ያንን እጅ ነው።

እኔ ያኔ የማኅበረ ምእመናናችን ሽማግሌ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ጌታ ማዕድ ለመቅረብ ለሚዘጋጁ ወጣቶች የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም አስተምር ነበር። ለ14 ዓመት አስተምሬዋለሁ። ሉተር ይህን መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1529 ያወጣው የሳክሶኒን የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ዞሮ ካየ በኋላ ነው። ሕዝቡ የእምነቱን ሀሁ እንደማያውቅ፣ ከካህናቱም ብዙዎቹ ለማስተማር እንዳልበቁ አይቶ ደነገጠና አባወራ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሊያስረዳበት የሚችል አጭር ነገር ጻፈ። ትእዛዛቱን፣ የእምነት መግለጫውን፣ የጌታን ጸሎት፣ ጥምቀትን፣ ኑዛዜንና የጌታን እራት በጥያቄና መልስ ያስረዳል። ወጣቶቼ ሦስተኛውን የእምነት አንቀጽ በቃላቸው እንዲወጡት አደርግ ነበር። እዚያ ላይ ሉተር ሰው በገዛ ብልሃቱና ኃይሉ ወደ ክርስቶስ ሊመጣ እንደማይችል፣ የሚጠራውም የሚጠብቀውም መንፈስ ቅዱስ እንደሆነ ያስተምራል። አንዲት ቃል የዘለለውን ከመጀመሪያው አስጀምረው ነበር።

ያን ቅዳሜ ትምህርቱን ጨርሼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴንና ካቴኪዝሙን እንደያዝኩ ወደ እማማ ቤት ሄድኩ። የጉበት ሕመም ነበር የያዛቸው። ሐኪም ቤት ተኝተው ቆይተው "ቤታችሁ አስታሟቸው" ተብሎ ተመልሰዋል። ልጃቸው በሩን ከፍታ "ጋሼ፣ እንኳን መጡ፤ ከትናንት ጀምሮ ሰው ስትጠብቅ ነው የዋለችው" አለችኝና ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ድምፄን ሲሰሙ ዞሩ። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሊያስተካክሉ ሞክረው አቃታቸው፤ እኔ አስተካከልኩላቸው።

መዝሙረ ዳዊት አነበብኩላቸው፤ ጸለይኩ። "አሜን" ብለው ጥቂት ዝም አሉና፣

"ልጄ፣ ቄሱን ብታመጣልኝ" አሉኝ። "የምናገረው ነገር አለኝ።"

"ምንድን ነው እማማ? ለእኔ ይንገሩኝ።"

"መናዘዝ ነው የምፈልገው።"

"እኛ ዘንድ እኮ ለሰው መናዘዝ የለም" አልኳቸው። "በቀጥታ ለጌታ ይንገሩት። እሱ ይሰማል።"

"ነገርኩት እኮ። ስንት ሌሊት ነገርኩት! እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። መልሱን ግን በጆሮዬ አልሰማሁም።"

ይህን ቃል ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። አንዲት በሞት አፋፍ ላይ ያለች ሴት ወንጌልን ለመስማት ከዚህ በተሻለ አማርኛ ልትጠይቅ አትችልም። እኔ ግን የጠየቁኝን አልሰማሁም፤ የቆየ ልማድ የቀረባቸው መሰለኝ። ልጅ እያሉ በኦርቶዶክስ ቤት ማደጋቸውን፣ የንስሐ አባት እንደነበራቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ላስተካክላቸው ተነሳሁ።

"መልሱ ተጽፏል እማማ። ያመነ ይድናል። እርስዎ በእውነት አምነዋል?"

"አምናለሁ መሰለኝ" አሉ። "ሌሊት ሌሊት ግን ይጠፋብኛል።"

"'መሰለኝ' እምነት አይደለም። በእርግጥ አምነው ከሆነ ይህ ፍርሃት ከየት ይመጣል? ልብዎን ይመርምሩ።"

ድምፄ የቁጣ አልነበረም። ረጋ ብዬ፣ እንደሚያስተምር ሰው ነው የተናገርኩት። እማማ አልመለሱልኝም። እጃቸውን ከጋቢው ሥር ቀስ ብለው አወጡና መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ጋቢው ላይ አኖሩት፤ ልክ በቁርባን ቀን ኅብስቱን ለመቀበል እንደሚዘረጉት። እኔ የምሰናበታቸው መስሏቸው እንደሆነ ብዬ ጨበጥኳቸው። "የሚመጣው ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ያስቡበት" አልኩና ወጣሁ። ሻዩ እስኪመጣ እንኳ አልቆየሁም።

ሐሙስ ሌሊት አረፉ።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በጽኑ እምነት ወደ ጌታቸው እንደሄዱ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር የጨመርኩትም እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለችና "ጋሼ፣ ያን ቀን እናቴ ሰላም ነበራት? ቄሱን ስትጠራ ነበር እኮ" አለችኝ። "ሰላም ነበራቸው፤ ተጽናኚ" አልኳት። ቄሱ አለመጠራታቸውን፣ ያልጠራኋቸውም እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ ይህ ውሸት ነበር ኋላ እንቅልፍ የነሳኝ፤ የመጀመሪያው ጥፋት መሆኑን ገና አላወቅኩም ነበርና።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ስለ ጥምቀት ያለውን ክፍል ጨርሼ ወደ ጌታ እራት ልሻገር ስል አንዲት የ15 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። "መምህር፣ መሀል ላይ ስለ ኑዛዜ የሚል አለ፤ እሱን አንማርም?" አለች። በየዓመቱ የምዘለው ክፍል ነው። ጊዜ አጥሮን ነው እላለሁ። ልጅቷን "በሚቀጥለው ሳምንት" ብያት ማታ ቤቴ ተቀምጬ አነበብኩት።

ኑዛዜ ሁለት ነገር ነው ይላል ትምህርቱ፤ አንዱ ኃጢአትን መናገር፣ ሁለተኛው የስርየትን ቃል ከቄሱ አፍ ልክ ከእግዚአብሔር እንደሚሰሙት አድርጎ ያለ ጥርጥር መቀበል ነው። በእግዚአብሔር ፊት የማናውቀውን በደል ሁሉ ሳይቀር እንናዘዛለን፤ በቄሱ ፊት ግን የምናውቀውንና ልባችንን የሚከብደውን ብቻ። "መልሱን በጆሮዬ አልሰማሁም" ያሉትን እማማን አስታወስኩና መጽሐፉን ከድኜ መብራቱን ሳላጠፋ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ የማነበው ሁሉ የሚከስሰኝ ሆነ። እኤአ ሰኔ 25 ቀን 1530 ለንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ የቀረበው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በ11ኛው አንቀጽ ለየግል የሚሰጠው የስርየት ቃል ከቤተ ክርስቲያን እንዳይጠፋ ይላል፤ ኃጢአትን ሁሉ አንድ በአንድ መቁጠር ግን ግዴታ አይደለም። እኤአ በ1959 የተመሠረተችው የኛዋ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ይህን መግለጫ የእምነቷ መሠረት አድርጋ ተቀብላዋለች። ሉተር ራሱ የዊተንበርግ መጋቢ ለነበረው ለቡገንሃገን ሲናዘዝ ኖሯል። በመጋቢት 1522 ከዋርትቡርግ ምሽግ ተመልሶ ስምንት ቀን በተከታታይ ሲሰብክ፣ በመጨረሻው ስብከት ኑዛዜን ማንም በግድ ሊጭንበት እንደማይገባ፣ እሱ ግን የዓለምን ሀብት ሁሉ ቢሰጡት እንደማይለውጠው ተናግሯል። እኔ "እኛ ዘንድ የለም" ያልኩት ይህንን ነው።

ለምን እንዲያ አልኩ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በየጸሎት ስብሰባው "እምነት ስለጎደለህ ነው" የሚባልበት ዘመን ነበርና ከዚያ ተጋብቶብኝ ነው ማለት ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔም ያደግኩት የንስሐ አባት በሚገባበት ቤት ነው። በ19 ዓመቴ ከዚያ ስወጣ፣ የተውኩትን ነገር ሁሉ መናቅ የወንጌል ግዴታ መሰለኝ። በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የሚባል የኛ አገር ሰው ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከሥራ ባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነትና ስለ ቅዳሴ ተነጋግሯል፤ በብዙ ነገር አንድ ሆነው ተገናኙ፣ ሜላንክቶንም የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥቶ ሸኘው። ሉተር ከኢትዮጵያዊው ዲያቆን አፍ የራሱን እምነት ሲሰማ ደስ አለው። እኔ የሉተርን ትምህርት ከእማማ አፍ ስሰማ የድሮ ልማድ ነው ብዬ ጣልኩት።

ኑዛዜን መከልከሌ ግን የጥፋቴ ግማሽ ብቻ ነው። የባሰው በቦታው የሰጠኋቸው ነገር ነው። "ልብዎን ይመርምሩ" አልኳቸው።

ሉተር በ1505 ኤርፉርት ገዳም ከገባ በኋላ ያሠቃየው ጥያቄ "ጸጸቴ በቂ ነው ወይ?" የሚል ነበር። ለሰዓታት ይናዘዛል፤ ወጥቶ ሳይርቅ የረሳው ትዝ ይለውና ይመለሳል። የነፍስ አባቱ ሽታውፒትስ ዓይኑን ከራሱ አንሥቶ በክርስቶስ ቁስል ላይ እንዲያሳርፍ መከሩት። ከዚያ በኋላ ያስተማረው ሁሉ የዚህ ምክር ፍሬ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ሰው የሚጸድቀው በሥራው አይደለም፤ በእምነት ነው። ይህን በሺህ ቦታ ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን "ጸጸቴ በቂ ነው ወይ?" የሚለውን ጥያቄ አውጥቼ "እምነቴ በቂ ነው ወይ?" የሚለውን በቦታው ከተከልኩ ምን ለወጥኩ? ሰውዬው ያው ገዳም ውስጥ ነው። ያው ሌሊት፣ ያው ሚዛን። እምነትን ሰው ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው፣ ጥራቱ የሚመዘን መዋጮ አድርጌው ነበር። ሥራን በፊት በር አስወጥቼ በጓሮ በር አስገባሁት፤ ስሙን ለውጬ "እምነት" አልኩት።

እምነት ግን የሚቀበል እጅ ነው። እጅ ባዶ ስለሆነ ነው የሚቀበለው። ሉተር በትልቁ ካቴኪዝሙ ስለ ጥምቀት ሲጽፍ እምነት ጥምቀትን እንደሚቀበል እንጂ እንደማያስገኝ ያስረዳል። እሱ ራሱ እምነት ይዞ ወደ ጌታ ማዕድ ቢቀርብም "አምናለሁ" በሚለው ላይ መቆም እንደማይችል፣ የሚቆመው በጌታ ቃልና ትእዛዝ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ለታመመ ልጁ የለመነው አባት እምነቱንም አለማመኑንም ባንድ ትንፋሽ ለጌታ ሲያቀርብ ጌታ ልጁን ፈወሰለት፤ መጀመሪያ አለማመንህን አስወግደህ ና አላለውም። "ሌሊት ሌሊት ይጠፋብኛል" የሚሉት እማማ ከዚያ አባት በምን ያንሳሉ? እጃቸው ተዘርግቶ ጋቢው ላይ ተቀምጦልኝ ነበር። መዳፋቸው ላይ የሚቀመጥ ቃል በኪሴ ነበረ፤ መጽሐፉን ይዤ ነው የሄድኩት።

እኤአ ግንቦት 20 ቀን 1531 ሉተር በጠና ለታመሙት እናቱ ለማርጋሬቴ ደብዳቤ ጻፈ። አባቱ በቀደመው ዓመት ሞተዋል። ሊያያቸው አልቻለም፤ እናቱም ሰኔ 30 ቀን አረፉ። ያን ደብዳቤ ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ልጅየው እናቱን አለመመርመሩ ነው። ዓለምን ያሸነፈው ክርስቶስ እንዴት እንዳሸነፈ፣ ሞትም ኃጢአትም ከእንግዲህ ሊያስፈራቸው እንደማይገባ ደጋግሞ ይነግራቸዋል። ቃሉን ይሰጣቸዋል። ሞት ደጅ ላይ ሲቆም የሚያስፈልገው ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ ከውስጥማ የሚወጣው ያው የራስ ክስ ነው። እኔ እማማን ወደ ውስጣቸው መልሼ ሰደድኳቸው፤ ለብቻቸው፣ በሌሊት።

ይባስ ብሎ ቄስ መጠበቅ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ሉተር በ1536 በጻፈው የሽማልካልደን አንቀጾች ውስጥ ወንጌል ወደ ሰው የሚደርስባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር ከስብከቱ፣ ከጥምቀቱ፣ ከማዕዱና ከስርየት ቃሉ ቀጥሎ የወንድሞችን የእርስ በርስ መነጋገርና መጽናናት ያስቀምጣል። በጭንቅ ጊዜ ማንም ክርስቲያን ለወንድሙ የይቅርታውን ቃል ሊነግረው ይችላል። ስለ ክርስቶስ ሲል ኃጢአትዎ ተሰርዮልዎታል፤ ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

"ኑዛዜ" የሚለውን ቃል ራሱን በደንብ አስቤው አላውቅም ነበር። ናዘዘ በግዕዝ አጽናና ማለት ነው፤ ናዛዚ ማለት አጽናኝ። አማርኛችን ቃሉን በደል ለመናገርና ንብረት ለመናዘዝ አዋለው እንጂ ሥሩ መጽናናት ነው። እማማ "መናዘዝ ነው የምፈልገው" ሲሉኝ አጽናኑኝ ማለታቸው ነበር። ድንኳን ውስጥ ልጃቸውን "ተጽናኚ" ያልኳት እኔ፣ እናቷን ግን ከዚሁ መጽናናት ከልክያቸው ነበር።

ወደ ቄሳችን ቢሮ የሄድኩት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ሦስት ጊዜ በር ደርሼ ተመልሻለሁ። ሌሎችን ስለ ኑዛዜ ማስተማር ጀምሬ ነበር፤ ራሴ መንበርከክ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። መጀመሪያ ማብራሪያ መደርደር ጀመርኩ፤ አስተዳደጌን፣ ዘመኑን፣ የሰማሁትን ስብከት። ቄሱ አላቋረጡኝም። ማብራሪያው ሲያልቅብኝ "አንዲት የምትሞት ሴት የይቅርታ ቃል ለምናኝ ከለከልኳት፤ ከዚያም ለልጇ ዋሸሁ" አልኩ። ቄሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ የምነግርህ ስርየት የእግዚአብሔር ስርየት መሆኑን ታምናለህ? አሉኝ። ስለ እምነቴ ልክ አልጠየቁኝም፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። "አዎ" አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በስሜ ጠርተው ነገሩኝ። በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ "ለልጅቷም መንገር አለብህ" አሉ፤ እሱ የስርየቱ ዋጋ አለመሆኑን፣ የሷ ድርሻ ስለሆነ ብቻ እንደሆነ ጨምረው።

ልጅቷ አሁንም እዚያው ቤት ናት። የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሊጡን እያዞረች ሳለ ደረስኩ፤ በርጩማ አቀረበችልኝ። ሳላሳምር ነገርኳት፤ ቄሱን አለመጥራቴን፣ "ልብዎን ይመርምሩ" ማለቴን፣ ድንኳኑ ውስጥ መዋሸቴን። እያዳመጠችኝ ሁለት እንጀራ አወጣች። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ምን ልትናዘዝ እንደነበረ ነገረችዎት?" አለችኝ በመጨረሻ።

"አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ የሷ ነውና ጠብቃ ትያዘው።

ሦስተኛውን ካሰፋች በኋላ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ሐሙስ ማታ እኔን ጠየቀችኝ" አለች። "'ይቅር ተብዬ ይሆን?' አለችኝ። 'አዎ እማዬ፣ ጌታ ይቅር ብሎሻል' አልኳት። ከዚያ ዝም አለች፤ ተኛች። እኔ ግን ቄስ አይደለሁም፤ ምን አግብቶኝ እንዲያ አልኩ፣ ባዶ ተስፋ ሰጥቼ ሸኘኋት ይሆን እያልኩ ይኸው ሦስት ዓመቴ።"

እኔ ያን ቀን ልሰጠው የሚገባኝን ቃል የሰጠችው እሷ ናት፤ የሰጠችውን አታውቅም ነበር። እንዲያ ሆኖ በመገኘቱ የኔ ጥፋት አልቀለለም፤ ሁለቱንም በፍርሃት እንዲቆዩ አድርጌያለሁና። ግን የምነግራት ነገር ነበረኝ፤ በዚህ ጊዜ አላሳለፍኩትም።

"ቃሉ ያንቺ አልነበረም" አልኳት። "የክርስቶስ ነው። ባንቺ አፍ ነው የተናገረው። እማማ በጆሯቸው ሰምተውታል።"

ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ምጣዱ ክዳኑ እንደተደፋበት ነበር። የእንጀራው ማረር ሽታ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ ሁለታችንም አልተነሳንም።